ትልና ቫይረስን የሚመረምር ሰው ዕድሜውን የት ያውለዋል?

በደብረ ብርሃን ለባዮሎጂ፣ ለሕክምና ላቦራቶሪና ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ሙያ ገና የምትጀምሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁት ስለ መሣሪያ ነው። ዘረመልን አባዝቶ የሚያሳየው ፒሲአር ያለው የትኛው ተቋም ነው? የዘረመል ማንበቢያ መቼ ይገባልናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በጥገኛ ተሕዋስያንና በቫይረስ ምርምር የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ፍሬ የሚያፈራው ወይም ባክኖ የሚቀረው በአብዛኛው ሌላ ቦታ ነው፤ ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ጽሑፉም ከታተመ በኋላ። መሃል ላይ ያለው፣ ነጭ ጋዋን ለብሰን ፎቶ የምንነሣበት ሥራ፣ ከሁሉም አጭሩ ነው። ዛሬ ይህንን በሁለት ሰዎች የምርምር ዘመንና በራሳችን አካባቢ በሚሠራ ሥራ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቆምንበት እንነሣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጣርማበር በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተን፣ ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት እንደርሳለን። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ሁለት ዝምድና ያላቸው ትሎች ቦታ ተከፋፍለዋል። ደጋው ላይ የመንዝን በግ ጉበት የሚያጠቃው ፋሲዮላ ሄፓቲካ ነው። ቆላው ላይ፣ በመስኖ ቦይና በወንዝ ዳር፣ ከሰው አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች የሚኖረው የቢልሃርዚያ ትል ሺስቶሶማ ማንሶኒ አለ። ሁለቱም ያለ ቀንድ አውጣ መራባት አይችሉም፤ ስለዚህ በሽታው የት እንደሚገኝ የሚወስነው የቀንድ አውጣዋ ኑሮ ነው። የፋሲዮላ ሄፓቲካ አስተናጋጅ፣ ማለትም ትሉ በውስጧ የሚያድግባት ቀንድ አውጣ፣ ጋልባ ትሩንካቱላ የምትባል፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ፣ ብርድ የምትችልና ከብት የረገጠውን እርጥብ ጭቃ የምትወድ ናት። የማንሶኒ አስተናጋጅ ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ደግሞ ሙቀትና ዝግ ብሎ የሚሄድ ውሃ ትሻለች። ወደ ቆላው ጠለቅ ስንል የጉበት ትሉም ይለወጣል፤ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ ይሆናል፣ አስተናጋጁም ራዲክስ ናታሌንሲስ ትሆናለች። መካከለኛው ከፍታ ላይ ሁለቱ የጉበት ትሎች ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ይህ ለሐኪሙም ለተመራማሪውም ወዲያው የሚጠቅም ዕውቀት ነው። በደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ ሰገራው ላይ የማንሶኒ እንቁላል የተገኘበትን ሰው እዚሁ ከተማ በሬሳ በተባለው ወንዝ ያዘው ብሎ ከመመዝገብ በፊት፣ ለአጨዳ ወይም ለሽንኩርት ነቀላ ቆላ ወርዶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጉዞ ታሪክ ያልተመዘገበበት መዝገብ በሽታውን የሌለበት ቦታ ያኖረዋል፤ የሚቀጥለው ተማሪም ያንን ቁጥር ይዞ ቀንድ አውጣ የሌለበትን ውሃ ሲያስስ ይከርማል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው መጥተው በአድዋ ወንዞች የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። አንዷን አጣቢ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ካሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ታሪኩን ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ሲነገር ግን እንደ ዕድል ይነገራል፤ ቁም ነገሩ ያለው ከማጠቢያው በላይ ያሉትንም በማየታቸው ላይ ነው። ከታች ያሉትን ሙቶች ብቻ ያየ ሰው ፀሐይ፣ የወንዙ መጉደል ወይም ሌላ መርዝ ገደላቸው ሊል ይችላል። ያው ውሃ፣ ያው ቀን፣ ያው ፀሐይ፣ ልዩነቱ እንዶድ ብቻ መሆኑን የሚያሳየው የላይኛው ክፍል ነው። ማነፃፀሪያው ወንዙ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እሳቸው አነበቡት።

ይህንን ሙከራ ዛሬ እናንተ ብትደግሙት የሚበላሸው በታወቁ ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ክሎሪኑ ራሱ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ውሃውን ሰፊ ዕቃ ላይ ከፍቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማሳደር፣ ካልሆነም ቀንድ አውጣው የተገኘበትን የምንጭ ውሃ አጣርቶ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ከመንገድ የመጡ ቀንድ አውጣዎችን በማግስቱ መመርመር ነው፤ በጉዞ የተጎዱት ራሳቸው ይሞቱና ቁጥሩን ያዛቡታል። ጥቂት ቀን አሳርፎ፣ የሚበሉትንና የሚንቀሳቀሱትን መምረጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሞትን መለየት ነው። መርዝ የነካው ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ከ24 ሰዓት በኋላ ወደ ንጹሕ ውሃ ተዛውሮ ሌላ 24 ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሞተው የሚቆጠረው። እንዶድ ያልገባበት ዕቃም ከአጠገቡ ይቀመጣል፤ በዚያ ውስጥ ከአሥሩ ሁለቱ ከሞቱ ሙከራው በሙሉ ይደገማል።

ስለ ተክሉም ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ከእናቶች ሥራ ጋር ይገናኛልና። ኃይሉ ያለው ፍሬው ውስጥ ባሉ፣ ሳፖኒን በተባሉ አረፋ የሚያወጡ ንጥረ ነገሮች ነው። ዋናው በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ሳፖኒኖቹ ፍሬው ውስጥ ሳሉ በአብዛኛው ደካማ ናቸው። የደረቀው ፍሬ ተፈጭቶ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ፣ በዚያው ፍሬ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጥና ገዳይ ያደርገዋል። በፈላ ውሃ ወይም በአልኮል የዘፈዘፈ ሰው ኢንዛይሙን አስቀድሞ ያበላሸዋል፤ ፈሳሹ ሳፖኒን እያለው ቀንድ አውጣ አይገድልም። እናቶቻችን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚያሹት። የላቦራቶሪ ሰው «ሙቅ ውሃ የበለጠ ያወጣል» ብሎ ሲያፈላው ውጤቱ ይጠፋበትና ተክሉን ይወቅሳል። ፍሬው የሚለቀመውም አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ከቀላ በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል።

መጠኑስ? በጥላ ወይም በፀሐይ የደረቀና የደቀቀ ፍሬ በአንድ ሊትር ውሃ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ወንዝ ላይ ለመጨመር ስንት ኪሎ ያስፈልጋል የሚለው ደግሞ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። አንድ የመስኖ ቦይ 1 ሜትር ይሰፋል፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የቡሽ ቁራጭ ጥላችሁ 10 ሜትር ስትሄድ ሰዓት ትይዛላችሁ፤ በሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ከሄደች በሴኮንድ 60 ሊትር ያልፋል ማለት ነው። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 ታባዛላችሁ፤ 51 ሊትር ይሆናል። በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካሰባችሁ በሴኮንድ 1 ግራም ገደማ፣ በሰዓት 3.7 ኪሎ ግራም ያህል፣ ለስድስት ሰዓት 22 ኪሎ ግራም ነው። ከባድ ሥራ ነው፤ በማንኪያ የሚሠራ አይደለም። ደግሞም እንዶድ በሚሰጠው መጠን የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም፤ ኃይሉም ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ስለዚህ እንቁላሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ መደገም አለበት። ዓሣንም ይገድላል፤ ይህን ሳይነግሩ ዓሣ ወደሚጠመድበት ውሃ መጨመር በሕዝብ ላይ ግፍ መሥራት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው የመስክ ሙከራ እንዶድ በወንዞቹ ላይ እየተጨመረ በሕፃናቱ ላይ ያለው ለውጥ ተለካ፤ በትንንሾቹ ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለምን ትንንሾቹን? ምክንያቱም የቢልሃርዚያ ትል በሰው ደም ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ወንዙ ዛሬ ቢጸዳ የ30 ዓመቱ ገበሬ ከድሮ የያዘው ትል እንቁላል መጣሉን ይቀጥላል፤ በአዋቂ ላይ ብቻ የለካ ሰው «ሥራው አልጠቀመም» ብሎ ይዘጋዋል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ወይም ያኔ ገና ወንዝ ያልወረደ ልጅ ግን የአዲስ መያዝን ልክ ያሳያል። የምትለኩትን ዕድሜ መምረጥ ከመድኃኒቱ እኩል የሚታሰብበት ነገር መሆኑን ከዚህ ሙከራ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ከጎናቸው የነበሩትን ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን ሰው ይረሳል፤ አይገባም። እንዶድ ሴቴና ወንዴው በተለያየ ግንድ ላይ የሚበቅል ተክል ነው፤ በዘር ሲባዛ ኃይሉ ከግንድ ግንድ ይለያያል። ዶክተር ለገሰ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ዝርያ ሰብስበው፣ አባዝተው፣ አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ዝርያ ለዩ። ያለዚህ የግብርና ሥራ በሊትር ይህን ያህል ሚሊ ግራም የሚለው ቁጥር በየጓሮው የተለያየ ትርጉም ይኖረዋል። ሁለቱ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ከ1964 እስከ 1989 ሃያ አምስት ዓመት ነው። በዚያ መካከል እንዶድ በዓለም ደረጃ ለምን አልተሰራጨም? አንዱ መልስ የመርዛማነት ፍተሻው ነው። ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚቀበሉት በመልካም የላቦራቶሪ አሠራር ደንብ የተሠራ መረጃን ነበር፤ እያንዳንዱ ሚዛን መቼ እንደተስተካከለ፣ እያንዳንዱ አይጥ ምን እንደበላ፣ የዱቄቱ ጥቅል ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚመዘገብበትና ሌላ ሰው ገብቶ የሚመረምረው አሠራር ነው። አገር ውስጥ የተሠራው ሥራ በሳይንሱ ጥሩ ቢሆንም በዚያ ደንብ የተመዘገበ አልነበረም፤ በኋላ በካናዳ ድጋፍ እንደገና ተሠራ። ያ እስኪሆን ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ወጣ፤ የዓለም ዓይንም ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ ዞረ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ በሚደፍነው፣ «ዜብራ መስል» በተባለው ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ላይ የእንዶድን ጥቅም የሚመለከት የባለቤትነት መብት ደግሞ በኦሃዮ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። በዚህ ነገር የሚቆጨው ሰው ትክክል ነው። ቁጭቱን ግን ወደ ሥራ እንለውጠው፤ መዝገባችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሊመረምረው እንደሚመጣ አድርጋችሁ ያዙ። የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ አንድ መስመር ይሰመርበትና ቀንና ፊርማ ይደረግበታል።

ስለ ክኒኑ ካነሣን፣ ፕራዚኳንቴል በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በትምህርት ቤት ዘመቻ ላይ ሚዛን ስለማይመች በቁመት መለኪያ ዘንግ ይታደላል። ጎልማሳውን ትል ይገድላል፤ ገና ሦስትና አራት ሳምንት የሆነውን ግን አይነካም። መስኖ ላይ የሚውል ልጅ ክኒን በወሰደበት ሳምንት ውስጡ ያለው ወጣት ትል ያመልጥና ከወር በኋላ እንቁላል ይጥላል። ያን ጊዜ የመጣ ተመራማሪ «መድኃኒቱን ተላመደ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከመጻፉ በፊት ሁለተኛ መጠን ሰጥቶ ማየት ነበረበት። በእኔ እምነት እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ የመስኖ ቦታ ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ ቦዩን መጥረግ፣ ሽንት ቤት መሥራትና ቀንድ አውጣውን መከታተል አብረው መሄድ አለባቸው።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ እንቅረብ። በሰገራ ውስጥ ያለ የትል እንቁላል የሚቆጠርበት የካቶ ካትዝ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ሁሉም እንደሚችለው ያስባል፤ ስለዚህ ብዙ ቁጥር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰገራው በወንፊት ተጭኖ ይጣራል፤ 41.7 ሚሊ ግራም የሚይዘው ቀዳዳ ስላይዱ ላይ ተደርጎ በደንብ ይሞላል፤ ቀዳዳ ያለው ሳህን ሲነሣ የሰገራው ክብ ሳይቆረስ መቅረት አለበት። ከላዩ በግሊሰሮልና በማላካይት ግሪን ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት የተነከረ ሴሎፌን ይለብሳል። ስላይዱ ተገልብጦ በእኩል ይጫናል፤ ከተጫነ በኋላ ጋዜጣ በሥሩ ሲደረግ ፊደሉ መነበብ አለበት። ከዚያ ሰዓት ነው ዋናው። ግሊሰሮሉ የመንጠቆ ትልን እንቁላል አሟሙቶ ያጠፋዋል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ካልታየ በስሕተት «የለም» ተብሎ ይጻፋል። የማንሶኒ እንቁላል ግን በማግስቱም ይነበባል፤ ጎኑ ላይ ያለው እሾህ ይለየዋል። የተቆጠረው በ24 ይባዛል፤ ሰባት እንቁላል 168 በግራም ነው፣ ከ100 እስከ 399 ያለው መካከለኛ ስለሚባል ይህ ልጅ መካከለኛ ሸክም አለበት። አንድ ስላይድ ላይ ሊገኝ የሚችለው ትንሹ ቁጥር 24 ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሸክም በዕድል ብቻ ይታያል። ስለዚህ በሽታው በቀነሰበት ቦታ አንድ ስላይድ መሥራት ራስን መሸንገል ነው። ሁለት ስላይድ፣ ከተቻለ በሁለት የተለያዩ ቀናት የመጣ ሰገራ ያስፈልጋል። ተቅማጥ ግን በዚህ ዘዴ አይሠራም፤ ክቡ ይፈሳል፣ መጠኑም ይጠፋል።

የደጋው በግ ላይ ሌላ ዘዴ ነው። ለብዙ የአንጀት ትል የሚያገለግለው በጨው ውሃ የማንሳፈፍ ዘዴ ለፋሲዮላ አይሆንም፤ እንቁላሉ ከባድ ነው፣ ክዳንም አለው፣ በወፍራም ጨው ውስጥ ይጨማደዳል። ስለዚህ ይዘቀጣል። ሦስት ግራም በጠጥ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈጫል፣ በሻይ ማጥለያ ይጣራል፣ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ላይኛው በቀስታ ይደፋል፣ እንደገና ውሃ ይጨመርና አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። በመጨረሻ ላይ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ሲጨመር የሣሩ ገለባ ይሰማያዋል፤ የፋሲዮላ እንቁላል ግን ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ይቀራል። የጨጓራ ትል ፓራምፊስቶማም ተመሳሳይ እንቁላል አለው፤ እሱ ነጣ፣ ጠራ ያለ ነው። እንቁላል የጠፋበት በግ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ትሉ ጉበት እየቦረቦረ ሳለ፣ ወደ ሐሞት ቧንቧ ሳይደርስ፣ ለሁለት ወር ያህል እንቁላል የለም። ከክረምት በኋላ በድንገት የሚሞተው በግ ብዙ ጊዜ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ነው። አልቤንዳዞልም የሚገድለው ጎልማሳውን ትል ነው፤ ወጣቱን የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። «መድኃኒት ሰጥቼ በጉ ሞተ» የሚል ገበሬ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ቀንድ አውጣ የተሸከመውን ትል ለማየት አንድ አንድ ቀንድ አውጣ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ተደርጎ በቀን ብርሃን ለሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ጭራው በሁለት የተሰነጠቀ ትንሽ ነገር ሲዋኝ ከታየ የቢልሃርዚያ ቤተሰብ ነው። ሁሉም የሰው አይደለም፤ የወፍም የከብትም አለ፤ ስለዚህ በዓይን አይቶ ማንሶኒ ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ በፒሲአር ወይም በላቦራቶሪ አይጥ መረጋገጥ አለበት። በዚያች ጠብታ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው ትል ቆዳን በደቂቃዎች ይበሳል። ጓንት ሳይለብስ ብልቃጡን የሚያነሣ ተማሪ የጥናቱ አካል ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ 70 በመቶ አልኮል ይፈስስበታል።

እስካሁን ያወራሁት ትል ነው፤ ትል ይታገሣል። ቫይረስ አይታገሥም። የበግና የፍየል ደስታ በሽታን እንውሰድ፤ ቫይረሱ የኩፍኝና የከብት ደስታ ዘመድ ነው። በጉ ትኩሳቱ ገና በጀመረበት፣ ዓይኑና አፍንጫው ማልቀስ በጀመረበት ቀናት ውስጥ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ በጥጥ መሳይ ሰው ሠራሽ ዘንግ ይወሰዳል። የእንጨት እጀታ ያለው ዘንግ ፒሲአሩን ሊያግደው ይችላል። ደም ለቫይረስ ከተፈለገ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለው ቱቦ ይሁን፤ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ሄፓሪን፣ ያለበት ቱቦ ምርመራውን ያበላሻል። ለፀረ አካል የሚፈለገው ደም ደግሞ ባዶ ቱቦ ውስጥ ይቀዳና እስኪረጋ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ከረጋው ደም የሚጠልለው ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ ይለያል። ሳይለይ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ የሆነ ደም ሲቀልጥ ቀይ ውሃ ይሆናል፤ ኤላይዛ ለተባለው የፀረ አካል ምርመራ አይረባም። በጉ ከታመመ አሥር ቀን ካለፈው ቫይረስ መፈለግ ድካም ነው፤ ፀረ አካል ይፈለግ።

ናሙናው ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሳጥን ውስጥ በሁለት ቀን ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ወደ 70 ወይም 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብዙ ሰው የቤት ማቀዝቀዣውን 20 ከዜሮ በታች እንደ መካከለኛ መፍትሔ ያያል፤ ሕያው ቫይረስ ለማሳደግ ለሚፈልግ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው በረዶ ቫይረሱን ይሰብረዋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀልጦ እንደገና የበረዶ ናሙና ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ናሙና ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በትንንሽ ቱቦዎች መከፋፈል።

የእብድ ውሻ በሽታ ለተጠረጠረበት ውሻ ደግሞ ጭንቅላቱ አይመታ፤ የሚፈለገው የአንጎል ግንዱና ትንሹ አንጎል ነው፣ ሲደቅቅ ይጠፋል። በረዶ ከሌለ በ50 በመቶ ግሊሰሮል የጨው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ያን ጭንቅላት የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ክትባት የወሰደ መሆን አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ደብረ ብርሃን ላይ ለምትሠሩ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ መመሪያ ላይ የለም። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያመክነው ኦቶክሌቭ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። መመሪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) 121 ዲግሪ ነው የሚለው በባሕር ወለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ 15 ላይ ስታቆሙት ውስጡ 116 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል፣ መሣሪያው ያን ግፊት እንዲችል መፈቀዱ ከታየ በኋላ። ካልቻለ ጊዜው ይረዝማል። ዕቃው ላይ በሚለጠፈው የሙቀት ምልክት ቴፕ መጥቆር አትመኑ፤ የሕያው ስፖር መፈተሻ ከዕቃው መሃል ተደርጎ ይሞከር። ማብቀያው እየሻገተ የሚያስቸግራችሁ ላቦራቶሪ ካለ መጀመሪያ ጌጁን እዩ።

ፒሲአሩ ራሱ ሲመጣ ፍርሃታችሁ ብክለት ይሁን። ድብልቁ የሚዘጋጅበት፣ የቫይረሱ ዘረመል፣ አርኤንኤው፣ የሚወጣበትና የተባዛው ምርት የሚከፈትበት ክፍል ይለያይ፤ ሰውም ዕቃም ከንጹሑ ወደተበከለው ብቻ ይሂድ፣ በዚያው ቀን ወደ ኋላ አይመለስ። ውሃ ብቻ የገባበት ማነፃፀሪያ ፖዘቲቭ ካለ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል። «በ38ኛው የማባዛት ዙር ነው የታየው፣ ትንሽ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት በግማሽ መንደር ላይ ቫይረስ ያገኛል።

ሁለተኛው ሰው እንግሊዛዊው የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪ ዋልተር ፕሎራይት ነው። የከብት ደስታ በ1887 አካባቢ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገራችንን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ረሀብ የመጣው ከእሱ ጋር ነው። ሸዋ ያንን ዘመን ታውቀዋለች። ፕሎራይት በኬንያ ሙጉጋ ላይ ከባልደረባው ጋር ካበቴ ኦ የተባለውን የቫይረስ ዝርያ በጥጃ ኩላሊት ሴል ላይ 90 ጊዜ ያህል እየተላለፈ እንዲያድግ አደረገ። በመጨረሻ ቫይረሱ በሽታ ማምጣቱን አቆመ፤ የሚያመጣው መከላከያ ግን ዕድሜ ልክ ሆነ። አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚበቃ፣ ርካሽ ክትባት ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጄፒ 15 የተባለው ዘመቻ አፍሪካን ሊያጸዳ ተቃርቦ ነበር፤ ቁጥሩ ሲወርድ ክትባቱ ቀነሰ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ተመልሶ መጣ። ቫይረሱ የተደበቀው ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ በማይደርስበት ቆላ ነበር።

ያንን የፈታው ሌላ ሥራ ነው። ተመራማሪው ጄፍሪ ማሪነር ክትባቱን ቬሮ በተባለ፣ ከጦጣ ኩላሊት በተገኘ የላቦራቶሪ ሴል ላይ አሳድገው የማድረቂያውን ሂደት አስተካከሉና በ37 ዲግሪ አንድ ወር ያህል የሚቆይ አደረጉት። ከዚያ ከዞናችን በስተ ምሥራቅ ባለው አፋር ውስጥ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው፣ ያለ በረዶ ሳጥን በእግር ከብቱን እየተከተሉ ከተቡ። የመጨረሻው የአገራችን ወረርሽኝ በአፋር በ1995 ታየ፤ በ2011 ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። የፕሎራይት ክትባት ያለ ማሪነር ማድረቂያ፣ የማሪነር ማድረቂያም ያለ አፋር ከታቢዎች እዚህ አያደርሰንም ነበር። ማንኛቸውም የሌላውን ሥራ «ተግባር ብቻ ነው» ብሎ የሚንቅበት ምክንያት አልነበረም።

አሁን ዓለም በ2030 ሊያጠፋው ያቀደው የበግና የፍየል ደስታ ነው። ክትባቱ ናይጄሪያ 75/1 ከተባለው ዝርያ የተሠራ ነው፣ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፣ በአንድ ጊዜ ውጊያ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። በመስክ የሚከሽፈው በታወቁ ምክንያቶች ነው። መርፌውን በአልኮል የጠረገ ሰው ሕያው ቫይረሱን ይገድለዋል። ማሟሚያው በፀሐይ ከሞቀ በሟሟበት ደቂቃ ክትባቱ ይሞታል። ጠዋት የተሟሟውን ለከሰዓት ማስቀመጥ ውሃ መውጋት ነው። ግልገሎች ደግሞ ከእናታቸው የወሰዱት መከላከያ ክትባቱን ስለሚያጠፋው ሦስት ወር ሳይሞላቸው የተከተቡ እንዳልተከተቡ ይቆጠራሉ፣ መደገምም አለባቸው። መከተቡን ሳይሆን መከላከሉን የሚያረጋግጠው ከወር በኋላ ሴረም ወስዶ ፀረ አካል መለካት ነው፤ ለአንድ ወጣት ቫይሮሎጂስት በዚህ ዞን ውስጥ ከዚህ የሚሻል የመጀመሪያ ጥናት ማሰብ አልችልም።

በጥገኛ ተሕዋስያን በኩል ለምትሄዱት ደግሞ የሚሠራው ይህ ነው። ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ላይ በተለያየ ከፍታ አምስትና ስድስት የውሃ ቦታዎች ምረጡ። ለአንድ ዓመት በየወሩ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው ሰው፣ በዚያው ዓይነት መጥለፊያ ለ15 ደቂቃ ይፈልግ። የውሃውን ሙቀት ጻፉ። በክረምት ጎርፉ ቀንድ አውጣውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ቁጥሩ ሲወርድ በሽታው ጠፋ ብላችሁ አትቁሙ፣ ውሃው ሲረጋ ተመልሶ ይበዛል። የምታገኙትን ሁሉ ብርሃን ላይ አስቀምጡ፣ ግማሹን በ70 በመቶ አልኮል አስቀሩ፣ ለኋላ ዘረመሉ ይታያልና። ለሰገራ ጥናት ደግሞ ከወላጅ በሚገባው ቋንቋ ፈቃድ ተቀበሉ፤ ክኒኑ እጃችሁ ሳይገባ ናሙና አትጀምሩ፤ ትል የተገኘበት ልጅ ውጤቱ በወጣ ሳምንት ውስጥ መታከም አለበት።